ክዳኑን አትንካ

ወንድም ጋሼ፣

የኤሌክትሪኩ ድስት ውስጥ ያለው የአጥንት መረቅ ነው። ቅልጥሙን ጠበስ አድርጌ፣ አቼቶ ጠብ አድርጌበት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጥጄዋለሁ። እስከ ማታ አንድ ሰዓት አይነካም። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣና ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰናል። ባለፈው አሥር ጊዜ ከፍተህ የጠጣነው መረቅ ሳይሆን የአጥንት እጣቢ ነበር።

ሰዓት ሠሪ ነህ፤ የተዘጋ ነገር ስታይ እጅህን እንደሚበላህ ይገባኛል። ድስት ግን ሰዓት አይደለም።

ደብዳቤም ሰዓት አይደለም።

የመጣልኝን የሥራ ደብዳቤ ከፍተህ፣ የሰዓት መስታወት በምትለጥፍበት ሙጫ መልሰህ አሽገኸዋል። ፖስታ ቤት እንዲህ አሳምሮ አያሽግም። ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ «የዚያ ከተማ ብርድ አይቻልም አሉ» ስትለኝ ከረምክ። እኔ የየትኛውንም ከተማ ስም አላነሣሁልህም።

ለሥራው ሳመለክት ለአንተ አለመንገሬ ግን…
እሱን ቁጭ ብለን እናወራዋለን።

የወሰንኩትን ጽፌ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጌ፣ ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ። መረቁ ሳይደርስ እንዳትከፍተው።

መቼም አመል ነውና ይህን ከማንበብህ በፊት ከፍተኸዋል። ባዶ የሆነውም ለዚህ ነው።

ማታ ሁለት ሳህን አውጥተህ ጠብቀኝ። የዚህም ከተማ ብርድ ቀላል አይደለም፤ ለከርሞም መረቅ ያስፈልገናል።