የእማማ ንግስቲን እንባ ስለማስመለስ

ለተከበሩ የወረዳችን ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ በሥራ ብዛት እንዳልተጎዱ፣ የቢሮዎም ጣሪያ እንደማያፈስ ተስፋ በማድረግ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እምሩ ወልደሰማያት እባላለሁ፤ ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ በነበረው ፎቶ ቤቴ ሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ሳነሳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ደክሞኛልና ምስጋናዬ ቢንዛዛ ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። በሰኔ መጀመሪያ ሦስት ባልደረቦችዎ ካሜራና አራት አዲስ ቆርቆሮ ይዘው ወደ ጎረቤቴ ወደ እማማ ንግስቲ መጡ። እማማ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በቀበሌ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ባልደረቦችዎ የዛገውን ጣሪያ በሙሉ አነሱና አራቱን ቆርቆሮ ካሜራው በሚያየው በኩል መቱ። ከዚያ ካሜራ የያዘው ቀራጭ፣ «እማማ፣ ቪዲዮው ስሜት እንዲነካ ትንሽ ያልቅሱልን፤ የሚያሳዝንዎትን ነገር ያስቡ» አላቸው። እኔ በሙያዬ ሰው ፈገግ እንዲል ለምኛለሁ እንጂ እንዲያለቅስ ለምኜ አላውቅም፤ ኋላ ቀር ሆኜ ይሆናል። እማማ እንግዳ ማሳፈር አይሆንላቸውም። ከሁለት ዓመት በፊት የቀበሩትን አንድያ ልጃቸውን፣ ፍትዊን፣ አሰቡና አለቀሱ። ቀራጩ «በጣም አሪፍ!» ብሎ ካሜራውን አጠፋ። ቀሪውን ቆርቆሮ ነገ እናመጣለን ብለው ሄዱ። በማግስቱ ቆርቆሮው ሳይሆን ቪዲዮው መጣ፤ በእማማ ፊት ላይ «የደስታ እንባ» ተብሎ ተጽፎበት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ መዝገብ አያያዝዎ አመሰግናለሁ። በሳምንቱ ዝናቡ ገባ። ፍራሹ ራሰ። ያ እኔው ራሴ ያነሳሁት፣ ለእማማ የቀራቸው ብቸኛው የፍትዊ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ውሃ ገባበትና ፊቱ ተላጠ። እማማን ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው፤ ከልጄ ከእፀገነት ጋር አንድ ክፍል ተጋሩ። እኔም ጽሕፈት ቤትዎ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው አንድ ሠራተኛዎ በትሕትና፣ «አባቴ፣ ይሄ ቤት ተጠናቋል» ብሎ ለማስረጃ ቪዲዮውን ከስልኩ አሳየኝ። ጣሪያ የለውም ስለው፣ «መቶ ሺህ ሰው ያየውን እርስዎ አላየሁም ነው የሚሉት?» አለኝ።  በዝናቡ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሦስተኛ፣ ስላልመጡ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቢመጡ ኖሮ ጎረቤቶቼን በደንብ ሳላውቃቸው እሞት ነበር። ቆርቆሮ ሠሪው ኪሮስ አምስት ኪሎ አካባቢ ከሚሠራበት ቦታ የተረፈ ቆርቆሮ ለምኖ አመጣ፤ ባለሱቁ ኡመር ምስማርና ላስቲክ ሰጠ። ቅዳሜ ጠዋት ጀምረው ከምሳ በፊት ጨረሱት። ማንም ስላልቀረጸው ወሬው ለክቡርነትዎ አልደረሰ ይሆናል። እማማ ቤታቸው ገብተዋል።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ቪዲዮውን ያጥፉልን። ሰው መንገድ ላይ አግኝቷቸው «እንኳን ደስ አለዎት» ባለ ቁጥር እማማ ተመልሰው ቤት ይገባሉ፤ ሥላሴ መሳለም እንኳ ትተዋል። «ያ እንባ የልጄ ነው፤ የጣሪያ አይደለም» ይላሉ። ይህን የሚያህል ነገር ለማጥፋት አንድ ጣት ይበቃል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ክቡርነትዎም አሥር እንዳለዎት አልጠራጠርም።

ተመልካችዎ እንዲበዛ፣ ወንበርዎ እንዲደላ፣ ካሜራዎም ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዞር ከመመኘት ጋር፣

ከፒያሳ፣ ጃንጥላ ይዞ የሚጽፍልዎ አክባሪዎ
እምሩ ወልደሰማያት

ማስታወሻ፦ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ ተደውሎ፣ ጎረቤቶች የሠሩትን ጣሪያ መቅረጽ እንፈልጋለን ተባልን። እማማ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው፣ «ልጄ፣ ካሜራውን ትታችሁ ከመጣችሁ ምሳ አበላችኋለሁ» አሉ። እስካሁን የመጣ የለም።