ሰልፍ ስላጠፋው ማሽንና ስለ ብዙነሽ መደብ

ይድረስ ለክቡር አቶ ተክለብርሃን፣
የኮረብታ ግርጌ ቅዳሜ ገበያ ማኅበር የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳይቆራረጥ እንዲዘልቅ እመኛለሁ። እኔ ቅመም ነጋዴው ከድር ደህና ነኝ፤ መደቤም ሰፍቶልኛል። የምጽፍልዎ ስለ መስፋቱ ነው።

አንደኛ፣ ሰልፍ ስላስቀሩልን አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ማለዳ መደብ ለመያዝ ሁላችንም ባንድ ጊዜ መልእክት ስንልክ፣ የማሽኑ ከርነል፣ ማለትም ዋናው አንቀሳቃሽ ፕሮግራሙ፣ መልእክቱን ተራው እስኪደርስ የሚያቆይበትን፣ ባለሙያዎች ባፈር የሚሉትን ቦታ፣ ወረፋ አበዛ ብለው ወሰኑን ቀነሱት። ከዚያ ወዲህ በስክሪንዎ ላይ የሚጠብቅ ሰው አይታይም። በስብሰባው ላይ ከሁሉ አስረዝሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛ፣ ቴክኒሻኑ ሞቲ እንዳስረዳኝ፣ ቦታው ሲሞላ ማሽኑ ትርፉን መልእክት ይጥለዋል፤ ለላኪውም ለእርስዎም ትንፍሽ አይልም። የላምበረት መነኻሪያን በር ዘግቶ፣ ተሳፋሪ የለም ብሎ እንደ መኩራት ነው።

ሦስተኛ፣ ከእንጦጦ ድንችና ጎመን የምታወርደው ወይዘሮ ብዙነሽ የመደብ ጎረቤቴ ነበረች። ቤቷ ጋ ኔትወርክ ስለማይደርስ የምትልከው ከነሸክሟ አስፋልቱ ላይ ስትወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ባፈሩ ሞልቷል። በደንባችን ሁለት ቅዳሜ መልእክቱ ያልደረሰ ሰው መደቡን ያጣል። በኮሚቴው ፊት፣ «ከድር ወንድሜ፣ ልኬያለሁ እኮ፤ ጆንያህን ስታወርድ አይተኸኝ የለም?» አለችኝ። አይቻታለሁ። እኔ ግን ማሽኑ አልደረሰኝም ካለ ከማሽን አልበልጥም ብዬ መለስኩ። መደቧም ለእኔ ተሰጠ። እሷ ዛሬ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፋ ትሸጣለች፤ ሳልፍ ሰላምታዬን ትመልስልኛለች፤ ባትመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ወሰኑን ወደ ቀድሞው ከፍ እንዲያደርጉልን፣ መደቧንም እንዲመልሱላት በትሕትና እለምናለሁ። ሞቲ እንደሚለው ማሽኑ ያልተነካ ሰፊ ሜሞሪ አለው፤ ሥራው ከክብርዎ በቀር የሚጎዳው ነገር የለም።

ለማይታይ ሰልፍ ያጨበጨበውና የተጠቀመበት፣
አክባሪዎ ከድር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በመልእክት ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ይጣልብኛል ብዬ ሰጋሁና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ጆንያዎቼን ከመደቧ አንስቻለሁ። ኮሚቴው እንደገና ከጠየቀኝም መልሴ አጭር ነው፤ ስትልክ አይቻለሁ።