ለአንድ አሰልጣኝ ሦስት ሽማግሌና አንድ ብሎኬት

ለታላቅ ወንድሜ ለተስፋጽዮን ገብረዋሕድ፣ ከታናሽህ ከይሕደጎ።

ሓወይ፣ ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሁለቴ የተቀደደው ጉልበትህስ? አዲሱ አገርህ በረዶ ነው አሉ፣ አይጠዘጥዝህም? ሰብሊስ ደህና ናት? ዕቃዋን ከካርቶን አውጥታ ሳትጨርስ መልሳ ስታሽግ ወገቧን አላመማትም? ሀይሚስ? በስምንት ዓመቷ አራተኛ ትምህርት ቤት የገባችው ልጅህ የአስተማሪዋን ስም ያዘች ወይስ የትም አልቆይ ብላ ተወችው? እኛ ተመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ አራታችንም እንተነፍሳለን ማለቴ ነው እንጂ፣ እማዬ አባዬን አታናግርም፣ ሙሽራዋ እህታችን ሉላ እኔን አታናግርም፣ አባዬ ደግሞ የሚያወራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ብቻ ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ የአንተ ሥራ ነው። መጨረሻው ላይ ትንሽ የእኔም እጅ አለበት፤ እደርስበታለሁ።

በወረቀት የጻፍኩልህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ። በቴሌግራም ዘጋኸኝ፣ በዋትስአፕ ዘጋኸኝ፣ በሰብሊ ስልክ ብሞክር እሷንም አስዘጋሃት። ምን ላድርግ? የጎረቤታችን የወይዘሮ ሀጀር ልጅ ራህማ ሆስተስ ሆናለች፣ ነገ ወደ እናንተ ትበራለች፣ እዚያ ስትደርስ በፖስታ ትልክልሃለች። እማዬ በላከችልህ በርበሬ መሃል ነው የደበቅኩት። እያነበብክ ዓይንህን ካሸኸው ኃላፊነት አልወስድም።

እኔ መቼም ዐሥረኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተኮራርፌ ስልክ ጥገና የገባሁ ሰው ነኝ፤ ብዙ ነገር አይገባኝም። ግን አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ በዓለም ላይ ስንት ሥራ እያለ ለሰው የማይነገር ሥራ ለምን መረጥክ? ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሳስረዳ ምላሴ ተልጧል። ወንድምህ ምንድን ነው ይሉኛል። የኳስ አሰልጣኝ ነው እላለሁ። አጥቂ ነው ተከላካይ የሚያሠለጥነው ይሉኛል። የአሜሪካ ፉትቦል ነው፣ የአጥቂ መስመር፣ ግን ሰዎቹ አያጠቁም፣ ይከላከላሉ፣ ደግሞ ኳሷን በእጃቸውም በእግራቸውም አይነኩም፣ ሥራቸው ቆሞ መገፋት ነው እላለሁ። እያሾፍኩ ይመስላቸዋል። አንዴ በሕይወቴ እውነት ብናገር ማን ይመነኝ!

በመጨረሻ የገባቸው በጥምቀት ነው። ታቦቱ ሲመጣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሕዝቡን የሚገፉትን ወጣቶች አሳየሁትና አባዬን፣ ይኸውልህ፣ የተስፋ ሥራ እነዚህን ማሠልጠን ነው፤ ኳስ ወርዋሪው መሃል ላይ ነው፣ እነሱ ዙሪያውን ናቸው፣ አንድ ሰው ሾልኮ ከገባ ወቀሳው ለአሰልጣኙ ነው አልኩት። አባዬ ወጣቶቹን አየና፣ እና ሰው ካልገባስ ማን ይመሰገናል አለኝ። ወርዋሪው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና፣ የመዝገብ ቤት ሥራ ነዋ አለ። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው፣ ያን ቀን በጣም ኮራብህ።

ኩራቱ ግን ኮፍያ ፈጀ። በዐሥራ አንድ ዓመት ሰባት ክለብ! ዋናው አሰልጣኝ በተባረረ ቁጥር ረዳቶቹን ጠራርጎ ይዞ ይወጣል፣ አንተ አዲስ ኮፍያ ትልካለህ፣ አባዬ አሮጌውን አውልቆ አዲሱን ያደርጋል። የግቢያችን ጥበቃ ከሦስት ክለብ በፊት የነበረውን ጃኬትህን ለብሶ ነው በር የሚከፍተው። የታችኛው ፎቅ አብኔዘር ደግሞ እንዴት ነው እዚያ የሚገባው ብሎ ሲጨቀጭቀኝ፣ መቶ አርባ ኪሎ ከሞላህ ተስፋ ይወስድሃል አልኩት። አምኖኝ ሁለት ወር ጨጨብሳ በላ። እናቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ፣ ልጄን እንደ ፋሲካ በግ አደለባችሁብኝ ብላ ጮኸችብን። ስቄ ሞቼ ነበር። እሱ ግን እስካሁን እየበላ ነው፣ መቶ አሥራ ስምንት ደርሷል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በገና ዋዜማ ጠዋት ደወልክ፣ አስታውስ። ተባርሬአለሁ፣ ዋናው አሰልጣኝ ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ግን አንድ ደግ ነገር አለው፣ ሚያዝያ ላይ ነፃ ነኝ፣ ለሉላ ሰርግ እመጣለሁ፣ ትኬት እቆርጣለሁ አልክ። ለአንተ ተብሎ ሁለት ጊዜ የተራዘመ ሰርግ ነው። አንዴ ጥር ነው ጨዋታ አላለቀም አልክ፣ አንዴ ሐምሌ ነው ልምምድ ተጀመረ አልክ። ዘጠኝ ዓመት አልመጣህም። እማዬ ስልኩን እንኳን ሳትዘጋ በረንዳ ወጥታ እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ ተሹመህ መስሎት ሊጠይቀን መጣ። እማዬ በሳቅ እያለቀሰች፣ አይ፣ ልጄ ተባረረልኝ ትላለች! ሰው ግራ ተጋብቶ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ሄደ።

አባዬ ግን ኮፍያውን አውልቆ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣም። እንዲያ እንዳልሆነ ነገርኩት፣ እዚያ አገር ሰው ሳያጠፋም ይባረራል አልኩት። አባዬ ዘንድ ይህ የለም። ሰው ከሥራ የሚባረረው ሰርቆ ወይም ተሳድቦ ነው፣ ካጠፋ ደግሞ ወደ አለቃው ሽማግሌ ይላካል አለ። እማዬ፣ ተወው አንተ ሰው፣ ልጄ ይምጣልኝ አለች። አልሰማትም። የንስሐ አባታችንን አባ ገብረየስን፣ የእድራችንን ሊቀ መንበር ጋሽ በዳሳን፣ ሌላ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባውን ጠራና፣ ቁጥሩን አምጣ አለኝ። ቁጥሩ አለኝ ወይ? አለኝ! አንዴ ኤርፖርት ስልክህ ሞቶብህ በአለቃህ በዋናው አሰልጣኝ በኮች ሃርላን ስልክ ደውለህልኝ አልነበር? እኔ ቁጥር አልጥልም።

እሑድ ጥር 17 ከሰዓት፣ ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፌ ደወልኩ። ሦስቱም ጋቢ ለብሰው ተሰልፈው ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው ጋሽ በዳሳ ተቆጡኝ፤ ልመናችን ሳይሰማ እንዴት እንቀመጣለን፣ ሽማግሌነት አታውቅም እንዴ አሉ። ከዚያ ደግሞ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቁም ተባለ። ጥፋተኛው አሜሪካ ነው አልኩ። ወንድሙ አለ ተባለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል ብል፣ አባዬ ለሚ ኩራ ከሚሠራው ሕንፃ አንድ ብሎኬት አስመጥቶ ከሶፋው ጀርባ አዘጋጅቷል ለካ! ያሸከመኝ እየሳቀ እንዳይመስልህ። አስተርጓሚም እኔ፣ ተሸካሚም እኔ።

ኮች ሃርላን ከእንቅልፉ እንደተነሳ አነሳው። የሚታየው ሦስት ጋቢ ነው፣ ራስ የለው፣ እግር የለው። ከጎን እኔ ብሎኬት ተሸክሜ አለከልካለሁ። መጀመሪያ ያለኝ፣ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች አስገድደውህ ነው? ኧረ በማርያም፣ የተስፋ ወንድም ነኝ፣ አጥፍቶ ከሆነ ማረው ልንልህ ነው አልኩት። አባ ገብረየስ በሰፊው ተናገሩ፣ እኔ በጠባቡ ተረጎምኩ። እናቱ ከተባረረ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም የምትለዋን ከራሴ ጨመርኩ፣ እማዬ ወጥ ቤት ገንፎ እየበላች። ሰውዬው፣ እኔም እኮ ተስፋ በተባረረበት ሰኞ ተባርሬአለሁ አለ። ተስፋን ያባረርኩት እኔ አይደለሁም፣ አብረን ነው የወጣነው፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስልኬን ያነሳ ሰው የለም አለ።

ይህን ስተረጉም ሦስቱም ዘጭ ብለው ተቀመጡ። አባ ገብረየስ፣ አይ እኛ፣ ለልመና ብለን ሐዘን ቤት መጣን አሉ። ጋሽ በዳሳ፣ ለመሆኑ አንተስ ሽማግሌ የሚልክልህ ሰው አለህ ወይ ብለህ ጠይቀው አሉኝ። ጠየቅኩት። የለኝም አለ። እንግዲያው እኛ አለንልህ፣ የክለቡን ባለቤት ቁጥር ስጠን፣ እንነሳለን አሉት! ሰውዬው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ፣ መነጽሩን አወለቀ። አባ መስቀላቸውን ወደ ስልኩ ዘርግተው ባረኩት። አርባ ደቂቃ! ብሎኬቱን አውርድ ያለኝ አንድም ሰው የለም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ሽማግሌዎቹ ስለ አንተ ሥራ ዳግመኛ አላነሱም፣ መርቀው ጨርሰው ነበር። ስልኩን ልዘጋ ስል አባዬን አየሁት። በር ላይ ቆሟል፣ ባዶ ራሱን። ወደ ስልኩ ዞር ብዬ ኮች ሃርላንን፣ ሥራ ስታገኝ ወንድሜን እንዳትረሳው አልኩት። ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚሉህ አልኩት። እነሱ አላሉም፣ እኔ ነኝ።

በስምንተኛው ቀን አንተ ደወልክ። ኮች ሃርላን ሌላ ክለብ አገኘ፣ መጀመሪያ የደወለው ለአንተ ነው፣ ሽማግሌ የላከልኝ ቤት የአንተ ብቻ ነው አለህ። አባዬን አመሰገንከው፣ እኔን አሳፈርከኝ ብለህ ዘጋኸኝ፣ ለእማዬ ደግሞ ሚያዝያ አይመችም፣ አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመረጡበት ሳምንት ነው፣ አዲስ ክለብ ገብቼ በመጀመሪያው ዓመት መቅረት አልችልም አልካት። እማዬ ስልኩን ለአባዬ ሰጥታ፣ ይኸው ልጅህ፣ ሥራው ተመልሶልሃል አለችው። ያው ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቃል የለም። ሉላ ሦስተኛ አላራዝምም ብላ ካርዱን አሳትማለች። ሚያዝያ 18፣ እሑድ።

ተስፋ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ሳላሾፍ ልጠይቅህ። የሰው ልጅ እንዳይወድቅ አምስት ግዙፍ ታቆማለህ፣ እግራቸውን በስንት ማዕዘን እንደሚተክሉ እስከ ንጋት ድረስ በቪዲዮ ታያለህ፣ ጎበዝ ነህ። ሙሽራው ወንድወሰን የቦሌ መድኃኔዓለም ልጅ ነው፣ አምስት ሚዜ መርጧል፣ አምስቱም ጂም ቤት ነው የሚያድሩት። ሰርገኛው ሲመጣ በር የሚዘጋው የሙሽራዋ ወገን ነው። በእኛ በኩል ማን አለ? እኔ ሃምሳ ሦስት ኪሎ ነኝ፣ በልብስ። አብኔዘር አለ፣ እሱም ደረጃውን ሲወጣ ያለከልካል። ወንድሟ በር መዝጋት አስተምሮ እንጀራ የሚበላ ሙሽራ፣ በሯ በአንድ ግፊያ ሲበረገድ ሰሚት ምን ይላል? አንድ ቀን ነው የጠየቅንህ። ቅዳሜ ተነሳ፣ እሑድ በር ላይ ቁም፣ ሰኞ ተመለስ። ካስፈለገ አዲሶቹን ልጆችህን ከእኛ በረንዳ ሆነህ ምረጣቸው፣ ኔትወርኩን እኔ አስተካክላለሁ።

እምቢ ብትል ግን ማምለጫ የለህም። እሑድ የካቲት 15፣ እንደዚያን ቀን በዚያው ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ በአባዬ ስልክ ይደውሉልሃል። መጀመሪያ ለኮች ሃርላን ደውለው ፈቃድ ይጠይቁልሃል፣ ቀጥሎ ለአንተ። እሺ እስክትል አይቀመጡም። የጋሽ በዳሳ ቁርጭምጭሚት አብጧል፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ አባ ገብረየስ ከሌሊት ጀምሮ ቅዳሴ ቆመው ነው የሚመጡት፤ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። ለኮች ሃርላን እተረጉማለሁ፣ ላንተ ግን አልተረጉምም፤ አማርኛ ይበቃሃል።

ብሎኬቱንም እኔ አልሸከምም። ትናንት ከሶፋው ጀርባ ላወጣው ስል አባዬ ያዘኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናታችሁን አልሰማኋትም፣ በእሷም በእሱም ፊት የምሸከመው እኔ ነኝ አለ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳየው ማንም ያላየው መስሎት በትከሻው ይለማመድ ነበር። ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ስልኩ ሲጠራ ቶሎ አንሳ፣ እሺ ለማለትም አትዘግይ።

እማዬ፣ ተኮራርፈናል ግን በርበሬው አይለቅበት፣ ልጄን ሳሙልኝ ብላለች። አባዬ ሰላም ይልሃል፣ ኮፍያውን ግን እንዳትልክ፣ ራስህ ይዘኸው ና ብሏል። ሉላ ሰላም አላለችም፣ የጥሪ ካርዷን ግን ከዚህ ወረቀት ጋር አጥፋዋለች። አብኔዘር ስንት ኪሎ ቀረኝ ብሎ ይጠይቅሃል። ለሰብሊ በጣም በጣም ሰላም በልልኝ፣ ሀይሚን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ እዚህ አንድም ጊዜ ያልተለወጠ ቤት አለሽ በላት።

ያሳፈረህ ወንድምህ
ይሕደጎ ገብረዋሕድ
ሰሚት፣ አዲስ አበባ
የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.