ክርስትና በክለብ ጉዞ

እሑድ፣ ሰኔ 8 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የኔ ሰውዬ ያንን አሮጌ ሞተር ሳይክሉን ታርጋው የቅርስ ስለሆነ በሕግ እንዲነዳ የሚፈቀድለት የሞተር ክለቡ ጉዞ ሲወጣ ብቻ ነው። በሱ ካልሄድኩ ብሎ የእህቴን ልጅ ክርስትና የክለብ ጉዞ አስባለው! አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ኋላችን ቆዳ የለበሱ ፂማም ፈረንጆች ተግተልትለዋል። ዶሮው አልቆ እንዳንዋረድ ነፍሴ ተጨነቀች። እህቴ በጆሮዬ፣ «አንቺ፣ ክርስትና አልኩሽ እንጂ ዘመቻ አልኩሽ?» አለችኝ።

ድስቱን ጠርገው፣ ሞተራቸውን አስነስተው ሄዱ። የኔው ግን ከቄሱ ጋር ጨዋታ ይዞ ቀረ። ጉዞው ሲያበቃ ፈቃዱም አበቃ። ሞተሩን እህቴ ጋራዥ ትተን በሰው መኪና ተመለስን።

ሞተሩን ለማምጣት ደግሞ ሌላ የክለብ ጉዞ ያስፈልጋል አሉ። ኮል ቢያደርግላቸው፣ ሁሉም በደስታ እንመጣለን ብለዋል። ለእህቴ ማን ይንገራት?