ሳይነኳት የምትጮኸው ቮልሳችን

ለዘመናይ፣ ለኔ ነገረኛ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ዓመት ሊደፍን ነው። እንዴት ነሽ አልልሽም፤ አንቺ ያለሽበት ክላክስ የለም፣ ጋራዥ የለም፣ ወሬኛ ጎረቤት የለም። ከኔ የተሻለ ኑሮ ላይ ነሽ። እኔ ሰሞኑን ሁሉ ነገር አስጠልቶኛል። የዳንግላ ሰው አስጠልቶኛል፣ ልጅሽ አስጠልቶኛል፣ ከሁሉም በላይ ቮልሳችን አስጠልታኛለች። ለሰው ባወራው ይስቅብኛል። አንቺ ብትስቂም አይሰማኝም ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ቤቱ ደህና ነው። ጓሮሽን ልጅሽ ይበልጣል ድንች ተክሎበታል። ላሚቷ ወልዳለች፤ ጥጃዋ በመልክ እናቷን፣ በጠባይ አንቺን ናት፤ ስጠራት አትመጣም። ቮልሷን ግን ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም ነበር። ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ቢጫ ሻሽሽ ነበረ፣ የመንገድ ቆሎሽ በፌስታል እንደተቋጠረ ነበረ። ኪሱን አልከፍተውም፤ እዚያ መኖራቸውን ማወቄ ይበቃኝ ነበር። ይበልጣል ሊያጥባት ባልዲ ይዞ በመጣ ቁጥር በከዘራዬ አባርረው ነበር።

መንገዱን ታውቂዋለሽ። አንቺ ያረፍሽባት ቤተ ክርስቲያን ከአዲስ ቅዳም አስፋልቱን ለቅቆ ሽቅብ ነው። ሚኒባስ አይወጣውም፣ ባጃጁ ከመንገድ ይመለሳል፣ የኔን ጉልበትማ ተዪው። ቮልሷ ከሌለች እሑድ እሑድ አንቺ ጋ መምጣት የለም ማለት ነው። እንግዲህ ይኼን ይዘሽ ስሚኝ።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ እህትሽን ትርንጎን ላመጣ እንጅባራ ሄድኩ። በማግስቱ አብረን አንቺ ጋ ልንመጣ ነበር። እሷም ያው እሷ ናት፤ ልጅ ድራ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ዛሬም ከመስታወት ፊት አትጠፋም። አዲስ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኔ ተቀመጠች። እስከ ዳንግላ መግቢያ ሰላም ነበርን። እዚያ መሪውን ሳዞር ክላክሱ በገዛ ራሱ ጮኸ። እጄን አነሣሁ፣ ይጮኻል። መሪውን በቡጢ መታሁት፣ ይጮኻል። ድምፁ ደግሞ የክላክስ እንዳይመስልሽ፤ የሚታነቅ ፍየል ነው።

በጥር ቅዳሜ ክላክስ እያስጮኸ ከተማ የሚገባ መኪና ምን እንደሆነ መቼም አይጠፋሽም። ሴቶቹ ከየደጁ ብቅ እያሉ እልልታውን አቀለጡት። ባለጋሪዎቹ ፈረሶቻቸውን እያዞሩ ከኋላዬ ተሰለፉ፣ ባጃጆቹ ክላክስ ጨመሩልኝ። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ “አባባ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ወንድ እንዲህ ነው እንጂ!” ይለኛል። ሌላው ከዳር ሆኖ፣ “ሙሽሪት ግን በሰል ብላለች!” ይላል። ትርንጎ በአገውኛ የቀራት ስድብ የለም። ከሀፍረቷ ብዛት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትስበው ደግሞ ጭራሽ የለየላት ሙሽራ ሆነች። እኔ ቁጭ ብዬ እንዲህ ያለ ጉድ! አጠገቤ የአንቺ እህት፣ ያውም ክፉኛ የምትገላምጥ።

ሲመሽ ጎረቤት ድፎ ዳቦ ይዞ መጣ። ሌላው ደግሞ አላየሁህም ብሎ አለፈኝ፤ የሚስቱ አፈር ሳይደርቅ ብለው አሙኝ። ዳቦ ያመጡት ይባስ አስጠሉኝ። ያንቺን ስም ከኔ ጋር እንዲህ ሲያላግጡበት ምን ብዬ ላስረዳ? ክላክሱ ነው ብል ማን ያምነኛል? ትርንጎ በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይበልጣልም በአክብሮት፣ “አባባ፣ ክላክሱ እስኪሠራ ድረስ ቁልፉ እኔ ጋ ይቀመጥ፤ መኪናዋም ትቁም፤ እርስዎም ይረፉ” አለኝ። ይረፉ! ቁልፉን ኪሱ ሲከት ሳየው እጁን ብነክሰው ደስ ባለኝ ነበር፤ ጥርሱ የታለና።

የዚያን እሑድ አልመጣሁም። የቀጣዩንም።

ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ያለው እንድሪስ ዘንድ አስጎትቼ ወሰድኳት። መጀመሪያ፣ “ሽቦውን ቆርጠን ክላክሱን እንገላገለው” አለ። ይበልጣል ደግሞ ክላክስ የሌለው መኪና ለሽማግሌ አልሰጥም አለ። እንድሪስ እያጉረመረመ የፊት ኮፈኑን ከፈተ። ዘመናይ፣ ሽታው ቀድሞ ወጣ! አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ እጁን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሰደደና አንድ ጉድ ጎልጉሎ አወጣ። የአይጥ ጎጆ ነው። ውስጡ ፀጉር ያላበቀሉ፣ ሥጋ የመሰሉ ልጆች እንደ ትል ይርመሰመሳሉ። እናቲቱ በጫማዬ ላይ ዘልላ አመለጠች። ያ የእግሬ ጣት ዛሬም የኔ አይመስለኝም።

ጎጆው ቢጫ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ሻሽሽ ነው፤ ክር በክር ተበጣጥሶ፣ በሽንት ርሶ። ፌስታሉ ባዶ ነው። ቆሎሽን ሲጨርሱ ወደ መሪው የሚሄደውን ሽቦ ይዘዋል። ልባሱን ግጠው መዳቡን ስላወጡት፣ መሪው ሲዞር ብረቱን እየነካ ነበር የሚያስጮኸው። እንድሪስ፣ “አባባ፣ ይኼ መኪና ነው ጎተራ?” ብሎ ሳቀ። የተጋጠውን ቆርጦ፣ አዲስ ሽቦ ቀጥሎ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ጨረሰ። ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ መቼም ቆሎ ሳትይዢ መንገድ የማትወጪ ሴት!

ግን እውነቱን ልንገርሽ። ያንቺ ነው ብዬ ከገዛ ልጅሽ ስጠብቅ የኖርኩት የአይጥ አልጋ ሆኖ እጄ ላይ ገማ። መኪናዋ ውስጥ ስገባ አንቺ አንቺ የምትሸተኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ያንቺ ሽታ ከሄደ ቆይቷል። ሳሸት የኖርኩት የአይጥ ሽንት ነው። ሻሹን ራሴ ቆሻሻ የሚያቃጥሉበት በርሜል ውስጥ ጣልኩት። እንድሪስ ጨዋ ልጅ ነው፤ እስክጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረልኝ።

ቤት ስንመለስ ይበልጣልን ባልዲ አምጣ አልኩት። ቀድሞ ከዘራዬን አየ። እኔ በሳሙና እየፈተግሁ፣ እሱ ውሃ እያፈሰሰ አጠብናት። ሲያበቃ ቁልፉን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አሁን ቮልሷ ምንም አትሸትም። ትርንጎም ታርቃናለች፤ ግን ከኋላ ካልሆነ አልቀመጥም ብላለች፤ እንደ ሹም እያመላለስኳት ነው።

ከእንግዲህ በዕቃ አላስታውስሽም። ዕቃ ይገማል። አፌ እስካለ ድረስ በስምሽ እየጠራሁ፣ እያማሁሽ፣ እየነዘነዝኩሽ አስታውስሻለሁ፤ ይኼን አይጥ አይበላውም። እሑድ እሑድ እመጣለሁ። አንድ እሑድ የቀረሁ እንደሆነ ግን መኪናዋ ተበላሽታ ነው ብለሽ እንዳትጠብቂኝ። ያን ቀን ጠጋ በይልኝ። አልጋውን ብቻሽን ይዘሽ የመተኛት ዓመልሽን እዚያም እንዳልተውሽ እጠረጥራለሁ።

ባልሽ