ያላለቀሰችን ሴት ስላስለቀሰው ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ሚኪያስ
የ«ቆላ ብዕር» የአጭር ልብወለድ ሥልጠናና ኅትመት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሸዋ ሮቢት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ጤናዎ እንደ ሥልጠና አዳራሹ ማራገቢያ በየሩብ ሰዓቱ የሚቆም ሳይሆን እንደ መክፈቻ ንግግርዎ ማብቂያ የሌለው ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። የሮቢት ሙቀት ለእንግዳ ሰው ምሕረት እንደሌለው ስለማውቅ፣ በሦስቱ የሥልጠና ቀናት ከረባትዎን አንዴም ሳያላሉ መዋልዎን በአድናቆት ተመልክቻለሁ።

እኔ ጌጡ ሸዋንግዛው እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በቀወት ማሽላ እያረስኩ የምኖር ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የለም። በሥልጠናው ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አራት ጊዜ እጄን ያወጣሁት፣ እርስዎም አራቱንም ጊዜ «አባት፣ ሰዓት የለንም» ያሉኝ ሽማግሌ ነኝና ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ይህን ደብዳቤ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያስለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ስለዚሁ ጉዳይ ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌ መልስ ስላላገኘሁ፣ ፖስታ መቅደድ በሥራ ብዛት ቸግሮዎት ይሆናል በማለት አራተኛው ተከፍቶ እንዲደርስዎ ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ኮሚቴው «የአጭር ልብወለድ ክህሎትንና በራስ መተማመንን ማሳደግ» በሚል ርእስ ሥልጠና ሰጠን፤ ከሠልጣኞች ታሪክ ሰበሰበ፤ የተመረጡትን በመጪው ቅዳሜ በአዳራሹ አስነብቦ በመጽሐፍ እንደሚያሳትም አስታወቀ። የእኔም ታሪክ ተመረጠ። በመመረጡ የተደሰትኩት ግን ለአምስት ቀን ብቻ ነው። በስድስተኛው ቀን የታረመው ቅጂ «ተስማምቻለሁ» ብዬ እንድፈርምበት ደረሰኝ፤ እስከ ዐርብ ካልፈረምኩ ከመጽሐፉ እንደምወጣም ከግርጌው ተጽፎ ነበር።

ታሪኬ ሦስት ገጽ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማማ ላይ ቆማ ማሽላዋን ከግሪሳ ወፍ ትጠብቃለች። ረፋዱ ላይ ሰዎች መጥተው ልጇ ጣርማ በር ላይ መኪና ተገልብጦበት መሞቱን ይነግሯታል። ሬሳው ከደጋ እስኪወርድ ገና ነው። ውረጂ ይሏታል፤ አትወርድም። ወንጭፏን እያጮኸች ቀኑን ሙሉ ትቆማለች። ታሪኩም «ወፉ ሲያድር ወረደች» ብሎ ያበቃል።

ይህን ከራሴ አላወጣሁትም። ሴትዮዋ ጎረቤቴ ጣይባ ናት፤ ልጇም ሰዲቅ ነበር። በጽሑፍ «ወይዘሮ» ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አርባ ዓመት «አንቺ» ስላት የኖርኩትን ሴት ዛሬ ለኮሚቴ ብዬ አንቱ ብላት ትስቅብኛለች።

እነሆ ምስጋናዬና አቤቱታዬ በተራ ቁጥር ይከተላል።

አንደኛ፤ በራስ መተማመንን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳችን ቤታችን ገብተን፣ መስታወት ፊት ቆመን፣ «እኔ ጸሐፊ ነኝ» እያልን ሦስት ጊዜ እንድንናገር አዘዙን። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ጺሜን በምላጭባት ስባሪ መስታወት ፊት ቆሜ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። መስታወቱ ምንም አልመለሰልኝም። እኔ ደግሞ የለመድኩት የሚመልስ ነው።

የእኔና የጣይባ ማሳ ይዋሰናል፤ ማማዎቻችንም ሰው ጮኾ በሚሰማማበት ርቀት ላይ ናቸው። ማሽላው ወተት ከያዘበት ቀን ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ወፉ ሳይነሣ ወጥተን ወፉ ሲያድር ስንወርድ ኖረናል። እጅም ዓይንም ሥራ ላይ ነው፤ ሥራ የሚፈታው አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ የጻፍኩትን ከደብተሬ እያየሁ እጮኽላታለሁ፣ እሷ ወንጭፏን እያጮኸች ትሰማለች። ዐረፍተ ነገሬ በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ነፋስ ይወስደዋልና አሳጥረዋለሁ። «ምን አልክ?» ካለችኝ ጥፋቱ የእኔ ነውና አፍርሼ እሠራዋለሁ። ወንጭፏ ሳያቋርጥ ከጮኸ ታሪኩ አልያዛትም ማለት ነው፤ ወንጭፏ ዝም ካለ ይዟታል። አንድ ዓመት ስለ አንድ ሌባ የጻፍኩትን ሳነብላት ወንጭፉ ፈጽሞ ዝም ከማለቱ የተነሣ ግሪሳው ወርዶ የማሳዋን አንድ ጥግ ላጨው። «ጌጡ፣ ሌባህ ከደብተርህ ወጥቶ ማሽላዬን ዘረፈኝ» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ከዚያ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት፣ የእርስዎን ጨምሮ፣ እስከ ዛሬ አልተሰጠኝም።

ሁለተኛ፤ ገምጋሚዎችዎ ለቃላት ስላደረጉት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። «ግሪሳ» የሚለውን በየቦታው ሰርዘው «ርግብ» ብለው ተክተውታል፤ በኅዳጉም ላይ «ርግብ ለአንባቢ ስሜት ትቀርባለች» የሚል ማስታወሻ አኑረዋል። ምክራቸውን ለግሪሳው አስተላልፌአለሁ፤ እስካሁን ጠባዩን አላሻሻለም። እርስዎ ከተማ ስላደጉ ላስረዳዎት፤ ርግብ ጥንድ ጥንድ ሆና የወደቀ ጥሬ ትለቅማለች፣ ግሪሳ ግን እንደ ደመና ወርዶ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ይጨርሳል። ማሳዋን ርግብ የጎበኘባት ሴት ብትወርድ ምን ታጣለች? ይኸው እጅ ሁለት ገጽ ዝቅ ብሎ፣ በቀይ እስክርቢቶ፣ «ለምን አትወርድም? ምክንያቱ ግልጽ አይደለም» ብሎ ጠይቆኛል። ግልጽ ነበር፤ ርግብ በላችው እንጂ።

ሦስተኛው የራሴ ጉዳይ አይደለም፤ ቢሆንም አላልፈውም። በሥልጠናው ላይ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ብሌን የምትባል ወጣት ነበረች። በየቀኑ በገዛ ቤቱ ደጅ ተሳፋሪ ይዞ እያለፈ አንዴም ስለማይቆም ባለ ባጃጅ ጽፋ አራት ገጽ አነበበችልን። አዳራሹ ዝም አለ። እኔ ያን ዓይነት ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ወንጭፍ የቆመበት ዝምታ ነው። እርስዎ ግን «የታሪኩ መልእክት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። «አላውቅም» አለች። ገምጋሚዎቹ ሳቁ። በሦስቱ ቀናት በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ የጸሐፊ ንግግር የነበረው ያ «አላውቅም» ብቻ ነው። መልእክት ጨምሪ፣ የልጅነት ዘመኑን ጨምሪ፣ የመንገድ ደኅንነት ጉዳይም ቢነካ ጥሩ ነው ተባለች፤ አራቱ ገጽ ዐሥራ አንድ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ወንበሯ ባዶ ነበር። ባለፈው ሰኞ የሚስቴን መድኃኒት ልገዛ ሄጄ ብጠይቃት «ጋሼ ጌጡ፣ እኔ ለካ አልችልም» አለችኝ። በራስ መተማመንን የማሳደጉ ሥራ በዚህ ፍጥነት ፍሬ በማፍራቱ ኮሚቴውን እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ።

አራተኛውና የመጨረሻው የታሪኬ ፍጻሜ ነው፤ የጻፍኩልዎትም ስለዚህ ነው።

ያን ቀን፣ የዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት፣ እኔ ማማዬ ላይ ነበርኩ። ሰዎቹ ለጣይባ ሲነግሯት ከሩቅ አየሁ፤ ቃሉን ባልሰማም አቋቋማቸው ነገረኝ። እሷ ግን ሰዎቹን እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ «የሰዲቅ ልጆች የሚበሉት ይሄው ነው። ግሪሳ ለቅሶ አያውቅም። ልጄ እስኪመጣ እዚሁ ልቁም።» እኔ ወንጭፌን ጥዬ ልወርድ ስል ከማዶ ጮኸችብኝ፤ «ጌጡ፣ አትውረድ! አንተ ከወረድክ ያንተም ወፍ ወደ እኔ ይመጣል!» ቆምኩ። ሁለታችንም እስኪመሽ ቆምን። ያን ቀን ምንም አላነበብንም።

ታሪኩን የጻፍኩት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሰባት ጊዜ አፍርሼዋለሁ። በስምንተኛው ከማማዬ ላይ አነበብኩላት። ስጨርስ «ወላሂ፣ እንደዚሁ ነው» አለች። «ብታሳትመው ፈቅጃለሁ። ግን ጌጡ፣ ያላለቀስኩትን እንዳታስለቅሰኝ።» ቃል ገባሁላት።

አሁን የኮሚቴው ፍጻሜ እንዲህ ይላል፤ «በዚያን ጊዜ እንባዋ እንደ ክረምት ጎርፍ በጉንጮቿ ላይ ወረደ። ጎረቤቶቿም አቅፈው አጽናኗት። እሷም ከጨለማ በኋላ ብርሃን መኖሩን ተረድታ በአዲስ የሥራ መንፈስ ተነሣች።» ለዚህ ሥራ ስለተደከመው ድካም ማመስገን ይገባኛል፤ እኔ በስምንት ጊዜ ያልደረስኩበትን ጎርፍ ገምጋሚዎቹ በአንድ ጊዜ አምጥተዋል። ማብራሪያቸውም «እናት የልጇን ሞት ሰምታ ሥራ ላይ አትቆምም፤ ገጸ ባሕርይዋ አታሳምንም» ይላል። እንግዲህ ጣይባ ኑሮዋን ከመኖሯ በፊት ገምጋሚ ማማከር ነበረባት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ለአንድ ቀን ተጠራጥሬአለሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ ስሜን በመጽሐፍ ላይ ማየት አልፈልግም ብዬ አልዋሽም። የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ምናልባት እኔ ነኝ ያልገባኝ ብዬ እስክርቢቶ ይዤ ተቀመጥኩ፤ አርባ ዓመት ግሪሳ ከማማዬ ያላወረደኝን ሰው ኮሚቴው በአንድ ቀን ሊያወርደኝ ጥቂት ቀረው። ሳልፈርም ግን ቅጂውን ይዤ ጣይባ ቤት ሄድኩ። ዓይኗ ደክሞ ማየት ካቃታት ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሰዲቅ ልጅ አሪፋ ዛሬ አስተማሪ ናት፤ ያ ማሽላ ያሳደጋት ልጅ ናት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችላት።

ጣይባ ሰማችና «ይቺ የምታለቅሰው ሴትዮ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

አሪፋ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። «አንቺ ነሽ ተብሎ ነው፣ እማ» አለቻት።

«እኔማ ማማ ላይ ነኝ» አለች ጣይባ።

ከዚህ በኋላ በቅጂው ላይ የምጽፈው ፊርማ የለኝም። ታሪኩ «ወፉ ሲያድር ወረደች» በሚለው ቃል ካላበቃ፣ ወፉም ግሪሳ ካልሆነ፣ ከመጽሐፍዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ስሜን ብቻ ሰርዘው ታሪኩን በኮሚቴው ፍጻሜ እንዳያትሙትም አደራ እላለሁ፤ ያንን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ሌላ ነው፣ ያለቀሰችውም ሴት ሌላ ናት፤ እኔ ሁለቱንም አላውቃቸውም።

ይልቁንስ ቅዳሜ ልክ አዳራሽዎ ሲከፈት እኔ ከማማዬ ላይ አነባለሁ። ጣይባ ከማሳዋ ዳር ጥላ ሥር ወንበር ይወጣላታል፤ ማሽላው ገና ስላልታጨደ ወንጭፉን አሪፋ ትይዛለች። ብሌንም ከእኔ ቀጥላ አራቱን ገጽ፣ አራቱን ብቻ፣ ልታነብ «እስቲ ልሞክር» ብላኛለች፤ መልእክቱን የሚጠይቃት ቢኖር መልሱን ከእኔ ወንጭፍ ያገኛል። ለእርስዎም ለገምጋሚዎችዎም የክብር ቦታ አለ። ባጃጅ እስከ መስኖ ቦዩ ያደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ከረባት ግዴታ አይደለም። በንባቡ መሃል ያልተሰማዎት ነገር ካለ «ምን አሉ?» ብለው ይጩኹ፤ ያኔውኑ አስተካክላለሁ። እኔ እርማት የምቀበለው በዚህ መንገድ ነውና።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ አዳራሽና የማይቆም ማራገቢያ እየተመኘሁልዎት፣ ለታላቅነትዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ሳላጎድል፣ አንድም ቃል ግን ሳልጨምር፣

ያልፈረመው ሠልጣኝ
ጌጡ ሸዋንግዛው
ከቀወት፣ ከማሽላው ማሳ

ማስታወሻ፤ በሥልጠናው ማብቂያ የሸለሙኝ የምስክር ወረቀት በፕላስቲክ የተለበጠና በፀሐይ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ፣ ከመሳቢያ ከሚቀመጥ ሥራ ይሥራ ብዬ ማማዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። በእውነቱ ሁለት ቀን ሙሉ ግሪሳውን አስፈርቶልኛል። በሦስተኛው ቀን ግን ወፎቹ ቀረብ ብለው ተመለከቱትና ከኋላው ምንም እንደሌለ ዐወቁ፤ አሁን ላዩ ላይ ያርፉበታል።