አባባ ያላረሰው መሬት

ውድ ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ጉልበትህ ተሻለው ወይ? በገና ካርድህ ላይ የባሕሩ ብርድ አጥንት ውስጥ እየገባ ነው ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ አንድም ቀን ከሐሳቤ አልወጣህም። መቼም ራስህን እንደማታስታምም አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሌስተር ልቡን ከታከመ ጀምሮ ጨውና ቅቤ ከልክዬዋለሁ፤ እሱ ግን ከተማ በወጣ ቁጥር ተደብቆ ይበላና ሸሚዙ ላይ ዘይት አንጠባጥቦ ይመጣል። እማዬም ከእኛው ጋር ናት። ዓይኗ በጣም ደክሟል። ጆሮዋ ግን በሹክሹክታ የተወራውን ሳይቀር ይሰማል። በቆሎው ዘንድሮ አምሮበታል፤ በረዶ ካልመታው ጥሩ ይገባል ይላሉ።

የጻፍኩልህ ግን ይህን ለመንገር አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ እቤታችን ሄደን ነበር።

እቤታችን ስል ቦታውን ማለቴ ነው። ቤቱ ፈርሷል። እማዬ አባባ ከሞተ በኋላ የእርሻውን መሬት ለጎረቤት ሸጣ፣ ያልታረሰውን የሣር መሬት ግን ለእነዚያ ለተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች በነፃ እንደሰጠቻቸው ነግሬህ ነበር። እነሱም ጎተራው በነበረበት ቦታ ላይ ባለ ብዙ መስኮት ሕንፃ ሠርተው የሣር ምድርና የታሪክ ማዕከል አሉት። በሰኔ ሲከፈት ቢጠሩን እማዬ አልሄድም ብላ በሯን ዘጋች። ሁለተኛ አላነሣንባትም። ቅዳሜ ዕለት ቁርስ ላይ በድንገት ካፖርቴን አምጪልኝና ውሰጂኝ አለችኝ። ሌስተር መኪናውን አወጣ፤ የልጄን ልጅ ሄቲንም ይዘናት ሄድን። ሄቲ አምስት ዓመቷን ያዘች። ፎቶዋን ልኬልህ አይተሃታል።

መግቢያው ላይ የአባባ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ያ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ትራክተር ላይ የተቀመጠበት። ከሥሩ የተጻፈውን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ይህ መሬት ቫትስላቭ ኮቫሪክ የተባለ አርቆ አሳቢ ገበሬ፣ ተፈጥሮን ከመውደዱ የተነሣ፣ ማረሻ ሳያስነካ ለትውልድ ያቆየው ነው ይላል። እማዬ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩላት።

«ተፈጥሮን መውደድ» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን ሚስቱ ነበርኩ፤ አንዲት አበባ ቀጥፎ አምጥቶልኝ አያውቅም።»

ሌስተር ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ እጇን ዘርግታ የፎቶውን መስታወት ስትዳብስ አየኋትና ሳቄ ቆመ።

አንተ በዐሥራ ሰባት ዓመትህ ስለሄድክ ሁሉንም አላየህም። ትንሿ እህታችን ሮዚ ከጠፋች በኋላ አባባ ያን መሬት አላስነካም። ጎረቤቶቻችን ጥሩ ኪራይ ሊሰጡት ለመኑት። የበቆሎ ዋጋ ጣራ በነካበት ዓመት ያ አፈር ያለ ሥራ መቀመጡ ኃጢአት ነው ያለውን ሰው በጠመንጃ ደጁ ድረስ ሸኝቶታል። እሳትም አይነካውም፣ ከብትም አይገባበትም አለ። በየዓመቱ ሣሩ ሲቀላ በጧት ዱላውን ይዞ ይገባና ሣሩን ግራና ቀኝ እየከፈለ ሲዞር ይውላል። ማታ ሲመለስ ካፖርቱ በሣር ፍሬ ተሸፍኖ ነው። እማዬ ካፖርቱን ጭኗ ላይ ታደርግና ፍሬውን አንድ በአንድ ትለቅማለች። የት ነበርክ አትለውም። እሱም አይናገርም። እንደዚያ ሆነን ነው የኖርነው፣ ወንድሜ፤ ከኩሽናው መስኮት ሣሩ ይታያል፣ ስሟን ግን የሚያነሣ የለም።

እኔ ያን ጊዜ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ አልጋ ላይ ነበርኩ። ከመስኮት ሆኜ ያየሁትን ግን አልረሳውም። የሀገሩ ሰው ሁሉ፣ ቄሱ ሳይቀር፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ በወንዙ ዳር ዳር ሲሄድ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። አንተ፣ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ፣ ወደዚያ ስትሄድ አይቻታለሁ ስላልክ ሁሉም ወደ ወንዙ ነበር የዞረው። ወደ ሰሜኑ ኮረብታ ዞር ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። በመጨረሻም ውኃው ወስዷት ነው ብለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። አባባ ግን አላመነም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ከሕንፃው ጀርባ ሣሩን ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ በእንጨት የተነጠፈ መንገድ አለ። እማዬ ባለ ጎማ ምርኩዟን እየገፋች፣ ሌስተር ከኋላዋ፣ እኔ ክንዷን ይዤ ገባንበት። ሣሩ ከሌስተር ቁመት በላይ ነው። ነፋስ ነበረ፤ ድምፁን ታውቀዋለህ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያወራ ይመስላል። ሄቲ ወደ ፊት እየሮጠች ቆይታ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ አጣናት። እንጨቱ ባዶ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ የሣሩ ጫፍ ሲነቃነቅ ብቻ ይታያል።

እማዬ ምርኩዟን ለቀቀች። ያለ ምርኩዝ ከቆመች ስንት ጊዜዋ ነው፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሮዚ!» ብላ ተጣራች።

ከሣሩ ውስጥ የልጅ ድምፅ «አቤት» አለ።

ወንድሜ፣ ሄቲ መሆኗን አውቃለሁ። ልጅ ስለሆነች በማንም ስም ቢጠሯት አቤት ትላለች። ግን ሌስተር ዘሎ ሣሩ ውስጥ ገብቶ አንሥቶ እስኪያመጣት ድረስ ሌላ ልጅ ይዞ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ሄቲ ፀጉሯ በሣር ፍሬ ተሞልቶ ወጣችና ሮዚ ማናት ብላ ጠየቀች። እማዬ ስምሽ ጠፍቶኝ ነው የኔ ልጅ አለቻትና ፍሬውን ከፀጉሯ ላይ ትለቅምላት ጀመር።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ኬንድራ የምትባል ወጣት፣ እዚያ በባለሙያነት የምትሠራ፣ የቫትስላቭ ቤተሰቦች መሆናችንን ሰምታ ወንበርና ሻይ አመጣችልን። ደግ ልጅ ናት። ከኛ በፊት መሬቱ የቀደሙት ነዋሪዎች የፓውኒዎች እንደነበረ የሚያሳየውን ክፍል ለሄቲ አስጎበኘቻት። ሄቲ የት ሄዱ ስትላት፣ ሌስተር ቀድሟት አልሄዱም፣ ተባረሩ አላት። ኬንድራም አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ለእማዬ ደስ የሚላት መስሏት፣ ሣሩ ዘንድሮ እንዲህ ያማረው በሚያዝያ ስላቃጠልነው ነው አለቻት።

እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች። «አቃጠላችሁት?»

ኬንድራ ቀስ ብላ አስረዳቻት። የደረቀው ሣር ዓመት በዓመት እየተደራረበ አዲሱን ያፍነዋል፣ እሳት ሲያልፍበት ግን ሥሩ ይተነፍሳል አለች። እሳቱ ካለፈ በኋላ መሬቱ ጥቁር ሆኖ ከወንዙ እስከ ሰሜኑ ኮረብታ ወለል ብሎ ይታይ እንደነበረ፣ ሠራተኛውና በጎ ፈቃደኛው ሁሉ ተሰልፎ ስንዝር ሳይቀር በእግሩ ዞሮ እንዳየው ነገረቻት።

እማዬ ምን አገኛችሁ አለቻት። ኬንድራ ወደ መስታወት ሣጥኑ ወሰደችን። የፈረስ ጫማ፣ ሰማያዊ ጠርሙስ፣ የላም ቃጭል፣ ከድንጋይ የተሠራ የቀስት ጫፍ።

«ሌላስ?» አለች እማዬ።

«አጥንትም አግኝተን ነበር፤ የአጋዘን።»

«አጋዘን መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«ከነቀንዱ ነበር፣ እማማ።»

«ሌላ አጥንት የለም?»

«የለም።»

ኬንድራ ደግሞ አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ምናልባት ታውቁት ይሆናል ብላ ሣጥኑን በቁልፍ ከፍታ አንዲት በአፍ የምትነፋ ሀርሞኒካ አወጣችና እማዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት። ዝጋለች፤ እንጨቷ ተቃጥሎ ብረቷ ነው የቀረው። አንዱ ጫፏ ተጨፍልቆ በጉጠት የተቃና ነው። የትራክተሩ ጎማ ሲወጣባት አባባ ጎተራው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያቃናት፣ አንተ ደግሞ አፍንጫህን እየጠረግህ አጠገቡ ቆመህ ስታይ እኔም ነበርኩ። በኋላ፣ ሮዚ በጠፋች ሰሞን፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ጠፋችብኝ ብለህ አባባ ሌላ እገዛልሃለሁ ብሎህ ነበር፤ አልፈልግም አልከው።

ኬንድራ ከሰሜኑ ኮረብታ፣ ከዱር ፕሪሙ ቁጥቋጦ ሥር ነው ያገኘናት አለች። የማን እንደሆነች ያውቃሉ ወይ ብላ እማዬን ጠየቀቻት።

የእማዬን አውራ ጣት ነበር የማየው። የጉጠቱን ምልክት አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ዳበሰችው። ዓይኗ ባያይም ጣቷ ያያል። ኬንድራ ያልሰማቻት መስሏት ጥያቄውን ልትደግምላት ስትል፣ «አላውቃትም» አለቻት። «በአዝመራ ጊዜ ከሚመጡት ሠራተኞች አንዱ ጥሏት ይሆናል።»

ኬንድራ ወደ እኔ ዞረች። እኔም አላውቃትም አልኩ። ሌስተር ዞሮ አየኝ። እማዬ ሀርሞኒካዋን መልሳ ስትሰጣት መዳፏ ላይ ዝገት ቀርቶ ነበር። መሐረብ ብሰጣት አልተቀበለችኝም፤ እጇን ጨብጣ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ስንመለስ ሄቲ እንቅልፍ ወሰዳት። እማዬ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። በግራም በቀኝም አኩሪ አተሩ ቢጫ ሆኗል። ከቤት ይዤው የወጣሁትን በፕሪም የተሞላ ኮላች ዳቦ ቆርሼ ብሰጣት ያዘችው እንጂ አልበላችውም። ከድልድዩ ከተሻገርን በኋላ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ዐሥር ዓመት እኮ ልጅ ነው» አለች።

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ በስሜ ጠራችኝ።

«ለወንድምሽ ጻፊለት» አለችኝ። «ሣሩን አቃጠሉት በይው። መሬቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ዞረው አይተውታል፣ ምንም አልተገኘም በይው። ምንም የለም። አሁን መምጣት ይችላል።»

ምንም አልተገኘም ብዬ ልጻፍለት ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም» አለችኝ።

እንዳለችኝ ጽፌልሃለሁ። እኔ የምጨምረው የለኝም፤ የምጠይቅህም የለኝም። ብቻ እማዬ ዘንድሮ እንዳምናው አይደለችም፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወንበሯን ወደ መንገዱ አዙሩልኝ ትላለች። የላይኛውን ክፍል አጽድቼዋለሁ። ምድጃውን ሌስተር ሠርቶታል፤ አይበርድህም።

ባሕሩ ደኅና ያውልህ፣ መንገዱ ደኅና ያግባህ። እግዜር ጉልበትህን ያበርታልህ፣ እንቅልፍም ይስጥህ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። ደብዳቤውን አንብቢልኝ አላለችም፤ ልታሽጊው ነው ወይ ብቻ ትለኛለች።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ